ከተማው ሰላም ነው ወይ? ከወረኢሉ የሚነሳው የተማሪ መንገድ

በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ሠራዊታቸውን የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነበር። ቀጠሮው ጥቅምት እኩሌታ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰሜን የተጓዘው ጦር የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ምን እንዳደረገ ሁሉም ያውቃል። ወረኢሉ በታሪክ መዝገብ የገባችው በዚሁ ነው፦ ሰው የሚሰበሰብባት፣ ከዚያም ወደ ሩቅ የሚሸኝባት ከተማ ሆና።

ወረኢሉ ዛሬም ትሸኛለች። የምትሸኘው ግን ጦር አይደለም። ፍራሹን ጠቅልሎ፣ በሶና ቆሎውን ቋጥሮ መናኸሪያ የሚቆም የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ልጅ ነው። የምደባው ውጤት በስልክ ሲታይ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ክፍሉ፣ ስለ መምህራኑ ወይም ስለ ቤተ መጻሕፍቱ አይደለም። «ከተማው ሰላም ነው ወይ?» ነው የሚባለው። ወረኢሉም፣ ጃማም፣ አቀስታም፣ መካነ ሰላምም ጥያቄው ያው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ያለፉት ጥቂት ዓመታት የወለዱት ይመስለዋል። ግን አይደለም። በዚህ ደጋ ልጁን ለትምህርት የሸኘ ወላጅ ሁሉ በየዘመኑ ጠይቆታል። የተለያየው መልሱ ነው፤ ከመልሱም በላይ መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ነው። ወላጆች በየዘመኑ ምን እንደፈሩና የመጣው አደጋ ግን ምን እንደነበር ጎን ለጎን ሲታይ ደግሞ አንድ የማያስደስት እውነት ይወጣል፦ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

◾️ በአኮፋዳው ዘመን

ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ በፊትም የወሎ ልጅ ለትምህርት ይሰደድ ነበር። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከደብር ደብር ይዞራል። በሳይንት ያለችውን ተድባበ ማርያምን የመሰሉ ጥንታዊ ደብሮች ስማቸው ሩቅ ድረስ የተሰማ ነበር። የእስልምናው ደረሳም እንዲሁ ኪታቡን ይዞ ወደ ጀማ ንጉሥ፣ ወደ ዳናና ወደ ሌሎች የዕውቀት ማዕከላት ይጓዝ ነበር።

የእነዚህ ልጆች ደኅንነት በምን ይመዘን ነበር? በቦታው ስም አልነበረም። በሽታ ነበረ፣ ሽፍታ ነበረ፣ የየመንደሩ ውሻ ነበረ። ዋስትናው ሰው ነው። የኔታ ማን ናቸው? ሸኹ ማን ናቸው? ለደረሳ ምግብ የሚሰጠው መንደር የትኛው ነው? ተማሪ በየደጁ ሲለምን አለመንካት የሃይማኖት ሕግ ሆኖ የቆየ ነገር ነው። አንድ ሰው የቆሎ ተማሪ ቢመታ ነውሩ የመንደሩ ነው። ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ለቦታው ሳይሆን ለተቀባዩ ነበር ማለት ነው። ይህችን ነገር መያዝ ያስፈልጋል፤ ኋላ ትመለሳለች።

◾️ የፈሩትና የመጣው

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነገሩ መልኩን ቀየረ። ከወረኢሉና ከቦረና የሚነሳ ጎበዝ ተማሪ ለሁለተኛ ደረጃ ደሴ ወርዶ ወይዘሮ ስሂን ይገባል፤ ከዚያ የቀናው አዲስ አበባ ይሻገራል። በየደረጃው ዘመድ ይፈለጋል። ዘመድ ባይኖር የአገር ልጅ፣ እሱም ባይገኝ የአገር ልጅ የሚያውቀው ሰው።

ያን ጊዜ የትልቅ ከተማ አደጋ ተብሎ የሚፈራው ምን ነበር? መጠጥ ቤቱ፣ ሌባው፣ መኪናው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ሃይማኖቱንና ምግባሩን ጥሎ መመለሱ። አባት ሲመክር የሚመክረው ስለዚህ ነው። ማንም አባት ልጁን «ከፖሊስና ከወታደር ተጠንቀቅ» ብሎ አልሸኘም። መንግሥት የሚጠብቅ እንጂ የሚያስፈራ አልነበረማ፤ ቢያንስ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ።

የመጣው ግን ከዚያ ወገን ነው። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በስድስት ኪሎ አካባቢ ተተኩሶበት ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑን ከበው በነበሩ ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢው ድረስ ገብተው ተኮሱ። የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1965 ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር አየር ላይ ተገደለ። ስለ ዋለልኝ ሐሳብ ዛሬም የሚስማማና የሚጣላ አለ፤ ወሎ ለነበረ ወላጅ ግን መልእክቱ አንድ ነበር። አዲስ አበባ ልጅን የሚበላው በጠላ ቤት በኩል ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ተከታተለ። በ1967 ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማራ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር መጣ። በሚያዝያ 1969፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። ያን ጊዜ የከተማ ወላጅ ልጁን ወደ ገጠር ዘመድ መላክ ጀመረ። ለዘመናት ከገጠር ወደ ከተማ የተጓዘው ልጅ መንገዱን አዞረ። ከ1975 በኋላ ደግሞ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ ተጨመረበት።

መንግሥት ሲለወጥም የስድስት ኪሎ ዕጣ አልተለወጠም። በታኅሣሥ 1985 የኤርትራን ሪፈረንደም የተቃወሙ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ፤ በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። በሚያዝያ 1993 ተማሪዎች በግቢያቸው የነበረው የታጠቀ ፖሊስ ይውጣልን ብለው ሲነሱ ግጭቱ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ፤ ድንበር ተሻግረው ኬንያ የገቡም ነበሩ።

በእነዚህ 40 ዓመታት ውስጥ የአዲስ አበባ ተማሪ ሞት ከሌባና ከመኪና ይልቅ ከፖለቲካ ጋር የተሳሰረ ነበር። ወላጅ ሲመዝን የኖረው ግን ሌባውንና መኪናውን ነው።

◾️ ምደባው

በ1983 ዓ.ም. በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባ፣ ዓለማያና አስመራ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ በደሴና በኮምቦልቻ ተከፈተ። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ «አራተኛው ትውልድ» የሚባሉት ሲመጡ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያዘ። ደንቢ ዶሎም ደባርቅም የዚሁ ትውልድ ናቸው።

ከዩኒቨርሲቲው መብዛት ጋር የምርጫው ትርጉም ተለወጠ። ተማሪው ፍላጎቱን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ የሚመድበው ግን ሚኒስቴሩ ነው። የወሎ ልጅ ወለጋ፣ የአርሲ ልጅ ወልድያ፣ የወላይታ ልጅ ጎንደር ይደርሰዋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የአገሪቱ ልጆች በአንድ ዶርም አድረው በአንድ ካፌ በልተው ይተዋወቁ የሚል ነው፤ ለብዙዎችም ሠርቷል። ዛሬ በሥራ ዓለም ያሉ ስንት ሰዎች የልብ ጓደኛቸውን ያገኙት በዚሁ ምደባ ነው!

አንድ ነገር ግን ተበጠሰ። በዘመድና በአገር ልጅ የተሠራው የቀድሞው የዋስትና ገመድ ምደባው ከሚወስደው ርቀት ጋር አልተዘረጋም። የመካነ ሰላም እናት ደንቢ ዶሎ ማንን ታውቃለች? የጊምቢ አባት ወልድያ ማን ዘመድ አለው? የዘመድን ቦታ የዩኒቨርሲቲው በር መያዝ ነበረበት።

◾️ 2012

በጥቅምት 2012 መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተነሳ ግጭት ሁለት የኦሮሞ ተማሪዎች ተገደሉ። ብጥብጡ በቀናት ውስጥ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ በኦሮሚያ ባሉ ግቢዎችም የአማራ ተማሪዎች ተጠቁ፤ ከሁሉም ወገን በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በኅዳር ደግሞ ከደንቢ ዶሎ ሸሽተው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። አብዛኞቹ የአማራ ልጆች፣ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። በጥር ወር መንግሥት 21 ተማሪዎች መለቀቃቸውን አስታወቀ። የ17ቱ ያህል ቤተሰብ ግን ልጁን ሳያይ ወራት፣ ከዚያም ዓመታት ተቆጠሩ።

ልብ ሊባል የሚገባው ወልድያም ደንቢ ዶሎም ትልቅ ከተማ አለመሆናቸው ነው። በዚያ ዓመት ወላጆች «ትልቅ ከተማ ያሰጋል» የሚለውን የአባቶች ብሂል ገልብጠው ለመጀመሪያ ጊዜ «አዲስ አበባ ቢደርሰው ይሻል ነበር» ማለት ጀመሩ። አደጋው ከከተማ ስፋት ጋር ሳይሆን ተማሪው በማንነቱ ተለይቶ ከመታየቱ ጋር ተሳስሮ ነበርና። ሚሊዮን ሰው ባለበት ከተማ አንድ ልጅ ከሕዝቡ ይቀላቀላል። በትንሽ ከተማ ግን የግቢ ልጅ ከነአነጋገሩ ይታወቃል።

በዚያው ዓመት ተማሪና ወላጅ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሥነ ምግባር ውል እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ተማሪው ሰላም እንዳያውክ ግዴታ ይገባል። ወላጆች በጊዜው ያነሱት ጥያቄ ግን እስካሁን አልተመለሰም፦ ዩኒቨርሲቲውስ ለወላጁ የሚፈርመው ምንድን ነው?

◾️ «ቅርቡ ይሻላል»

ከ2012 በኋላ የደቡብ ወሎ ቤተሰብ የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነበር። ልጅ ከቤቱ አይራቅ፤ ደሴ ካለ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ካለ ኮምቦልቻ። ማንም ጤነኛ ወላጅ እንዲያ ያስባል።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈውና ወድመው ተገኙ። ጦርነቱ ወረኢሉና ጃማ ድረስ ዘልቆ ነበር። «ቅርብ» የተባለው ቦታ ራሱ ግንባር ሆነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ2013 ክረምት መቐለ፣ አክሱም፣ ዓዲግራትና ራያ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የሌላ ክልል ተማሪዎች ስልክ በተቋረጠበት ከተማ ለሳምንታት ቆይተው በአፋር በኩል ወጥተዋል። ያን ክረምት ልጇ መቐለ የነበረች እናት የጠበቀችው የስልክ ጥሪ እንጂ ውጤት አልነበረም።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ግጭት ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ መጥራት ለወራት ዘገዩ። ቅርቡን የመረጠ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ጥሪ ሲጠብቅ ዓመቱ ሄደ። ሞት ባይደርስበትም ዕድሜ ተወሰደበት። ይህም የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በሒሳቡ አይገባም።

◾️ ከተማው ወይስ መንገዱ?

ሰኔ 26 ቀን 2016 የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓመቱን ጨርሰው በአውቶቡስ ወደየቤታቸው ሲጓዙ በሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታጣቂዎች አስቆሟቸው። ከ100 በላይ መንገደኞች ተወሰዱ። ቤተሰቦች ስልክ እየተደወለላቸው ከፍተኛ ገንዘብ ተጠየቁ። በኋላ ባለሥልጣናት አብዛኞቹ መለቀቃቸውን ሲናገሩ ከቤተሰቦች በኩል ደግሞ ልጆቻችን አልተመለሱም የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

እነዚህ ልጆች የታገቱት ደባርቅ ላይ አይደለም። የመጡበት ከተማም የሚሄዱበት ከተማም «ሰላም» ሊሆን ይችላል። አደጋው በመካከሉ ነበር። ከወረኢሉ በዓለም ከተማና በሙከ ጡሪ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ ተማሪም፣ ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም የሚገባ ተማሪም ይህን ያውቀዋል። ከተማው ሰላም ነው የሚል መልስ አግኝቶ የሚሸኝ ወላጅ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው የጠየቀው።

◾️ ከሩቅ አገር አንድ ቤተሰብ

ይህ መሳት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የክሌሪ ቤተሰብ ልጆቹን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ወደሚገኘው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ልኮ ነበር። ታናሽቱ ጂን ተራዋ ሲደርስ ግን በዚያ አንዲት ተማሪ መገደሏን ወላጆቿ ሰሙ። ትልቅ ከተማ ያሰጋል ብለው ልጃቸውን በፔንስልቬንያ ትንሽና ጸጥ ያለ ከተማ ወዳለው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 የ19 ዓመቷ ጂን በመኝታ ክፍሏ ውስጥ ተገደለች። ገዳዩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በራሳቸው መቆለፍ የነበረባቸው የሕንፃው በሮች ተደግፈው ክፍት ተትተው ነበር።

ወላጆቿ ከዚያ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት በግቢው 38 የኃይል ወንጀሎች መፈጸማቸውን ያወቁት ከቀብሩ በኋላ ነው። አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ሃዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም፤ ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት ዛሬ በልጃቸው ስም የሚጠራውን ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ከመንግሥት የተማሪ ድጎማ የሚያገኝ ማንኛውም ኮሌጅ በግቢውና በአካባቢው የተፈጸመውን ወንጀል በየዓመቱ ቆጥሮ ለሕዝብ ያሳውቃል፤ አደጋ ሲከሰትም ተማሪውን ወዲያው ያስጠነቅቃል።

ሕጉ ወንጀልን አላጠፋም። ወላጅ ግን በወሬ ፋንታ መዝገብ አገኘ። በእኛ አገር አንድ አባት ልጁ የተመደበበት ግቢ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደተዘጋ፣ ስንት ተማሪ እንደተጎዳ፣ ችግር ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን በምን መኪና በየት በኩል እንዳወጣ የሚያይበት ወረቀት የለም። ያለው የቴሌግራም ወሬ፣ የአንድ ዘመድ ስልክና የሾፌር ምስክርነት ነው። ከእነዚህም ውስጥ እስካሁን ይበልጥ የታመነው ሾፌሩ ነው።

◾️ መካነ ሰላም ሰላም ናት?

ለወረኢሉና ለመካነ ሰላም ደግሞ ጥያቄው ዞሮ መጥቷል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ይህ ደጋ ልጁን የሚሸኝ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ የሚቀበልም ሆኗል። ከሩቅ አውራጃ ያለች እናት የልጇን ምደባ አይታ በካርታ ላይ የማታውቀውን ስም ታነባለች፤ ስሙ ራሱ «የሰላም ቦታ» ይላል። እሷ ግን እንደማንኛዋም እናት ትጠይቃለች፦ ሰላም ነው ወይ?

መልሱ በከተማዋ ስም የሚገኝ አይደለም። ቤት ከሚያከራየው፣ ከሱቅ ባለቤቱ፣ ከግቢው ዘበኛ፣ ከመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፣ ከታጠቀውም ካልታጠቀውም ሰው ነው የሚገኘው። አባቶች የቆሎ ተማሪን የነካ ነውሩ የመንደሩ ነው ያሉት ለዚህ ነበር። ያ ሕግ ያልተጻፈ ነበር፤ ግን ይሠራ ነበር። ዛሬ ውል አለ፣ ማኅተም አለ፣ የፌዴራል ፖሊስ አለ፤ የጎደለው ያ ነውር ነው።

ነገሩ ቀላል የማይሆነው እምቢ ማለትም ዋጋ ስላለው ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 3.2 በመቶ፤ በ2016 5.4 በመቶ። ከመቶ ጓደኞቹ መካከል ተለይቶ ያለፈን ልጅ «ከተማው ያሰጋል፣ ቅር» ማለት ለአንድ የገበሬ ቤት ቀላል ቃል አይደለም። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ቀርታ የምትጠብቀው ቀጣዩን ዓመት ሳይሆን ባል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጅ እየፈራም ይልካል።

ያለፉት 70 ዓመታት ለዚህ ወላጅ የሚነግሩት ነገር ካለ ይህ ነው። ትልቅነት አደጋ አይደለም፤ ትንሽነትም መጠለያ አይደለም። ቅርበትም ዋስትና ሆኖ አልተገኘም። የትናንቱ አደጋ የነገውን አያሳይም፤ አንድ ትውልድ የተጠነቀቀበት በር ሌላውን ትውልድ ያጠቃው በር ሆኖ አልተገኘም። ከአኮፋዳው ዘመን እስከ ዛሬ ሳይለወጥ የቆየው መለኪያ ሦስት ጥያቄ ነው፦ መንገዱ እንዴት ነው? በዚያ ልጁን የሚቀበለው ማን ነው? ክፉ ቀን ሲመጣ በሩን ዘግቶ የሚጠብቀው፣ ወይም በሩን ከፍቶ በደኅና የሚያወጣው ማን ነው?

ሁለተኛውን ጥያቄ ወላጅ በስልክ ሊመልሰው ይችላል። የአንድ ከፍ ያለ ተማሪ፣ የአንድ መምህር፣ የአንድ የአገር ልጅ ቁጥር ማግኘት ከብዙ ወሬ ይሻላል። አንደኛውንና ሦስተኛውን ግን አንዲት የመካነ ሰላም እናት ብቻዋን እንድትመልስ መተው ግፍ ነው። መንገዱ የመንግሥት ነው፤ በሩም የዩኒቨርሲቲው ነው። መዳቢው አካል ልጁን የት እንደሚልከው ከወሰነ ልጁ በምን እንደሚደርስና በምን እንደሚመለስ የመናገር ዕዳ አለበት።

ምኒልክ በ1888 ሰው ወረኢሉ ላይ ሲቀጥሩ ወደ ጦርነት እንደሚወስዱት ነግረውት ነበር። የዛሬው ልጅ የተጠራው ለትምህርት ነው። ቤተሰቡም ሊመልስለት የሚገባው ጥያቄ የትምህርት ጥያቄ ብቻ መሆን ነበረበት።